የቡና እርግዝና

ዛሬ ጠዋት ደሴ ፒያሳ ላይ ከአንድ ባለ ሱቅ ጋር ተጣልቼ ነው የመጣሁ። ነገሩ በርበሬ ነው። ቆንጠር አድርጌ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ማስነጠሱ ቀርቶ የደረቀ ሸክላ ሸተተኝ። «ይኼ ጡብ ነው» አልሁት። ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል ሳቀ። «እማማ፣ ያልተደባለቀ ነገር አሁን ከየት ይመጣል? ቅቤው ሙዝ ነው፣ ማሩ ስኳር ነው፣ እንጀራው ጀሶ ነው። እኛም እንደመጣልን ነው የምንሸጠው» አለኝ። ስድብ አፌ ላይ ነበር፤ ለዕድሜዬ ብዬ ዋጥሁት። ዋጥሁት እላለሁ እንጂ ግማሹ አምልጦኛል። ከዚያ ወዲህ እግሬ አላርፍ አለኝ። ወደ ቤት የሚወስደኝን ባጃጅ ትቼ በእግሬ ወረድሁ፣ መልሼ ወጣሁ፣ አንድ ካፌ ገብቼ ሻይ አዝዤ ሳልጠጣው ተነሳሁ። አስተናጋጇ «እናቴ፣ ምን ሆኑ?» አለችኝ። ምን ልበላት? እኔ ራሴ ስንት ዘመን ነገር ከነገር ሳደባልቅ የኖርሁ ሴት ነኝ። ያ ልጅ ይህን ቢያውቅ ምን ያህል ይስቅብኝ ነበር እያልሁ ነው ከተማውን የምዞረው።

በደርግ ጊዜ ደሴ ውስጥ ብቻውን የሚቆም ነገር አልነበረም። ሁሉም በአንድ ነገር ተደግፎ ነበር የሚቆመው። ስኳር የሚገኘው ቀበሌ ሱቅ ነው፤ ያልመጣ ሰሞን ከረሜላ ጉንጫችን ውስጥ ሸጉጠን ሻዩን በላዩ እንለቅበታለን። ጤፉ ላይ ማሽላ ይጨመራል፣ ማሽላው ሲወደድ ደግሞ ምን እንደሚጨመር ባትጠይቁኝ ይሻላል። የሳሙና እንጥፍጣፊ አጠራቅመን ከእንዶድ ጋር እንቀቅላለን። የራዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣለን፤ የደሴ ፀሐይ ደግሞ ታውቋት የለ፣ ገና ሞቀን ስንል ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ላይ ይወርድና ድንጋዩን ሰብስበን ወደ ቤት እንሮጣለን። ቀሚስ ሲያጥር ከታች ሌላ ጨርቅ ይቀጠልበታል፤ በኋላ ነገሩ ፋሽን ሆነና ሳያጥርባቸው የሚያስቀጥሉ መጡ። አፍሮ የምታበጥር ኮረዳ ጸጉሯ አነስ ካለባት ከውስጥ የክር ኳስ ትሸጉጥበታለች። አንዷ የሰፈራችን የሆጤ ልጅ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ለመናገር እጇን አውጥታ ብድግ ስትል ኳሷ ዱብ አለችና ተንከባልላ ሊቀ መንበሩ እግር ሥር ቆመች። መሳቅ አይቻልም። አዳራሹ ሙሉ ሰው ሳል ያዘው፤ እኔ ራሴ አስዬ አስዬ ልሞት ነበር።

እኔና ሃያት የተፈጨ ቡና ነበር የምንሸጠው። ሃያት ጎረቤቴ ናት፤ ሆጤ ውስጥ በአንድ ግቢ በር ለበር ነበርን። እኔ ክርስቲያን፣ እሷ እስላም፤ በረመዳን እኔ ተደብቄ እበላለሁ፣ በሁዳዴ እሷ የሥጋ ወጧን ከድና በደጄ ታልፋለች። ባሌ ለዘመቻ ወደ ሰሜን ሄዶ ልጆቼን ይዤ ቀርቻለሁ። የሷ ባል ሰይድ ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነው፤ አፉ ቁጥብ፣ እጁ ቀና፣ እናቱን ከመንግሥት አብልጦ የሚፈራ። ቡናውን ቆልተን ወቅጠን ደጃፋችን ላይ በስኒ እየሰፈርን እንቸረችራለን። ንጹሁ አለ፣ ግማሹ አለ፣ የገብሱ አለ። ግማሹ የተቆላ ሽምብራ የገባበት ነው። የገብሱ ደግሞ ቡና አልፎ አልፎ የጎበኘው ገብስ ማለት ነው። ገዢው ይመጣል፣ «ምን አለው?» ይላል፣ «ሽምብራ አለው» እንለዋለን፣ ዋጋውም እንደዚያው ይወርዳል። የገብሱ ስኒ በስሙኒ፣ ንጹሁ ከሽልንግ ከፍ ይላል። አንድ ቄስ ነበሩ፣ ሁልጊዜ ንጹሁን አንስተው በረጅሙ ያሸቱና «ለሆዴ የሚስማማኝ ገብሱ ነው» ብለው የገብሱን ያስፈራሉ። የሚያፍር ገዢ የለም፣ የሚዋሽ ሻጭም የለም። ያ የፒያሳው ልጅ እኮ «ጡብ አለው» ብሎ ቢሰፍርልኝ አልጣላውም ነበር። ኸረ እጣላዋለሁ! ጡብ ይበላል እንዴ!

ጭንቁ ንጹሁን ቡና ማግኘት ነበር። ቡና ያኔ እንደ ልብ አይንቀሳቀስም። ከተፈቀደው በላይ ይዞ የተገኘ ሰው ቡናው ይወረሳል፣ እሱም የት እንደሚያድር አይታወቅም። ኮምቦልቻ ግን የከባድ መኪና አገር ናት፤ ወደ አሰብ የሚወርደውም ከአሰብ የሚወጣውም ሾፌር እዚያ ያርፋል፣ ከወንበሩም ሥር የማይገኝ ነገር የለም። ወርደን እንገዛለን። ይዞ መውጣቱ ነው መከራው። የሐረጎን ዳገት ሳንጀምር ኬላ አለ፤ ገመድ ይዘረጋል፣ አውቶቡሱ ይቆማል፣ ወንዱን ወንድ ይፈትሻል፣ ሴቷን ሴት። ሴቱ ሁሉ የየራሱ መላ ነበረው። ሳትወልድ ያዘለች አለች፣ ጡቷ በአንድ ቀን ያጎጠጎጠ አሮጊት አለች። እኔ ከወገቤ በታች ነበር የምታጠቀው፤ ያን ጊዜ እንዲህ አልነበርሁም፣ ሽንቅጥ ያልሁ ነኝ፣ እና ቀጭኗ አስካለ ኮምቦልቻ ወርዳ ዳሌ አብቅላ ትመለሳለች። አንድ የአውቶቡስ ረዳት ባየኝ ቁጥር «እትዬ፣ የኮምቦልቻ አየር እንዴት ይስማማሻል!» ይለኝ ነበር። ያውቃል እኮ፣ ምን እንዳይለኝ።

ለሃያት የተሰፋላት ሆድ ነው። የሰፋላት ደግሞ ባሏ ሰይድ። ከአቡጀዲ የተሠራ ከረጢት፣ በትከሻና በወገብ የሚታሰር፤ ፍሬ ቡና ሲነኩት ሸረር ይላልና ዳር ዳሩን ጥጥ ሞላበት። መስታወት ፊት አቁሞ ለካት፣ አጠበበ፣ አሰፋ፣ ወደ ታች አወረደው። «እንዲህ ሲሆን ወንድ ልጅ ነው ይላሉ» ብሎ ቀለደ። ሃያት ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠ። ከተጋቡ ዓመታት አልፈዋል፣ ልጅ ግን የለም። አውልያ ደጅ ሄደዋል፣ ሐኪም ቤት ሄደዋል፣ ጠበል እንኳ እኔው ራሴ ወስጃታለሁ፣ ነጠላዋን እንደኛ አጣፍታ። የለም፣ የለም ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ የሰይድ እናት እመት ፋጡማ ከአገራቸው ከገራዶ መልእክት ሰደዱ። ያላቸው ሰይድ ብቻ ነው። እህሉ እንደገባ ሌላ ሴት ይዳርለታል፣ ልጅቱ ታይታለች፣ ለአባቷ ቃል ሊሰጥ ነው፤ ሃያት መቆየት ከፈለገች ትቆይ፣ መሄድ ከፈለገችም መንገዱ ክፍት ነው። ሰይድ መልእክቱን ሰምቶ እሺም እምቢም ሳይል የስፌት መኪናውን መርገጡን ቀጠለ።

ሃያት ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጥ አቃታት። ቡናውን ቆልታ ሳታበርደው ትወቅጣለች፣ የተጠረገውን ደጅ ትጠርጋለች። «አስኩ፣ ጣውንት መጥታ ከወለደች እኔ ምን ልሆን ነው? ልጇን አዛይ?» ትለኛለች። «ዝም ብለሽ ሥራሽን ሥሪ» እላታለሁ፤ ሌላ የምለው ስላልነበረኝ። ያን የአቡጀዲ ሆድ ግን ወደደችው። ሲያስሩባት መልኳ ይለወጣል። አውቶቡስ ውስጥ ወንዶች ይነሱላታል፣ «ነፍሰ ጡር ናት፣ አሳልፏት» ይባልላታል፣ የማታውቃት ሴት ብርቱካን ልጣ ታጎርሳታለች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በዝግታ ትራመዳለች፣ ስትቀመጥ «ያ አላህ» ብላ ተንፍሳ ነው የምትቀመጠው። ሰው ለማታለል ብቻ አልነበረም፤ እኔ አውቃታለሁ። ቤት ገብተን በሩን ዘግተን «በይ አውጪው፣ እንዘርግፈው» ስላት «ትንሽ ይቆይ» ትላለች። አንድ ቀን ከረጢቱን ሳትፈታ በጎኗ ጋደም ብላ፣ በሁለት እጇ አቅፋው እንቅልፍ ወስዷት አገኘኋት። ሳልቀሰቅሳት ወጥቼ ደጅ ቆምሁ።

ታዲያ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ አንድ የገራዶ ሰው መናኸሪያ ላይ ስትወርድ አይቷት ኖሮ ወሬውን አደረሰው። የሰይድ ሚስት አርግዛለች ተባለ። እኛ ምኑንም አላወቅን። እመት ፋጡማ ለልጅቱ አባት የሚሰጡትን ቃል አቆዩት፤ ቅቤና የገንፎ ዱቄት አስጭነው ደሴ ገቡ። ግቢያችን ሲደርሱ ሃያት የለችም። ጎረቤት «ከአስካለ ጋር ኮምቦልቻ ወርደዋል» ብሎ ነገራቸው። «ነፍሰ ጡር ሴት በዚያ ጠመዝማዛ? ይቺ ጎረቤቷ ልትገላት ነው እንዴ?» አሉ አሉ፤ ይህን የነገሩኝ በኋላ ነው። ቅቤያቸውን ለጎረቤት አስረክበው ወዲያው መናኸሪያ ሄደው ተሳፈሩ።

እኛ ቡናችንን ይዘን፣ ታጥቀን፣ ኮምቦልቻ መናኸሪያ አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ጥላ ሥር አውቶቡስ እንጠብቃለን። ኮምቦልቻ ያን ቀን ትፋጃለች። ከደሴ ብርድ በጋቢ ተጠቅልለን ወጥተን እዚያ ስንደርስ ጋቢው ሸክም ይሆንብናል። ከሻይ ቤቱ ቴፕ አምባሰል ይንቆረቆራል፤ ካሴቱ ከመደጋገሙ የተነሳ መሃል ላይ ይዘልላል፣ ሰው ግን እሱንም ለምዶት አብሮ እየዘለለ ያንጎራጉራል። ሃያት አረንጓዴ ቀሚስ፣ ቢጫ ናይለን ሻሽ፣ እግሯ ላይ ኮንጎ ጫማ ነው። መውሊድ ደርሶ ገዢ ስለሚበዛ ያን ቀን ከወትሮው አብዝተንበት ሆዷ ጢም ብሏል። በዚህ መሃል ከኋላችን «ሃያት! የኔ ልጅ!» የሚል ድምፅ ሰማን። ዞር ስንል እመት ፋጡማ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ነጠላቸው መሬት እየጠረገ ይሮጣሉ። ሴትዮዋ አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ፣ ለቀቋትና ሆዷን ሊስሙ ጎንበስ አሉ።

ዘልዬ መሃል ገባሁ። «እመት፣ እንዳይነኩት! ሐኪሙ አይነካካ ብሏል!» አልሁ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። «ሐኪም አይቷታል? አልሃምዱሊላህ!» አሉና እጃቸውን ዘርግተው እያለቀሱ ዱዓ ያዙ። ሲጨርሱ እጇን ያዟት። «ክፉ አስቤብሽ ነበር ልጄ። ባንቺ ላይ ሴት ላመጣ ነበር። ሸይጣን ነው ያሳተኝ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አሏት። ሃያት አፏን ከፈተች። ልትነግራቸው ነበር፤ ፊቷን አይቻለሁ፣ እዚያው ልትነግራቸው ነበር። ግን ሰዉ ከቦናል፣ ከሰዉ መሃል ማን ጆሮ እንደሆነ በዚያ ዘመን ማን ያውቃል? ክንዷን ቆነጠጥኋትና «ቤት ስንገባ» አልሁ በጆሮዋ። አውቶቡሱ መጣ። እመት ፋጡማ እሷን በመስኮቱ በኩል አስቀምጠው ራሳቸው ከጎኗ ሆኑ፣ እኔ ከፊታቸው። ገና መኪናው ሳይነቃነቅ «አንተ ሾፌር፣ ቀስ በል! የሰው አደራ ይዘሃል» አሉት። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ ቡናዬ ላይ ተቀምጬ ላብ በላብ ሆኛለሁ።

ኬላው ጋ ስንደርስ የምናውቃት ፈታሽ የለችም። እሷ እርጉዝ ሴት ስታይ ፊቷን አዙራ ነበር የምታሳልፈው። በሷ ቦታ ካኪ የለበሰች፣ ፊቷ ያልተፈታ ወጣት ቆማለች። ሁላችንንም አስወረደችን። እኔን ዳበስ ዳበስ አድርጋ አለፈችኝ፤ የራሴ ነው የመሰላት፣ ምስጋና ቡናውን ለሸፈንሁበት ጥጥ። ሃያት ላይ ስትደርስ ቆመች። በሐሰት ሆድ ቡና እንደሚያልፍ ሰምታለች ማለት ነው፣ ወይም ደግሞ ነግረዋታል። «ስንት ወርሽ ነው?» አለቻት። «ሰባት!» አልሁ እኔ። «ስምንት!» አሉ እመት ፋጡማ፣ እኩል። ፈታሿ እኔን አየችኝ፣ እሳቸውን አየቻቸው፣ ከዚያ እጇን ወደ ሃያት ሆድ ዘረጋች።

እመት ፋጡማ አጭር ሴት ናቸው፤ የልጅቱ ደረት ጋ ነው የሚደርሱት። እጇን መትተው መለሱት። «ልጄ ስንት ዘመን ለምኖ ባገኘው ነገር ላይ እጅሽን ታሳርፊያለሽ? ወላሂ! ቢላሂ! በዚህች ሆድ ያለው የልጄ ልጅ ነው! ነክተሽው አንድ ነገር ቢሆን በቂያማ ቀን አንገትሽን አንቄ ነው የምጠይቅሽ!» ብለው ጮኹ። ተሳፋሪው ተነሳላቸው። «ተይ አንቺ ልጅ፣ የአዛውንት መሐላ አይናቅም» የሚል አለ፣ «ምነው፣ ሴት አይደለሽም?» የሚል አለ። ልጅቱ ግን በሰው ፊት መመታቷ እልህ ውስጥ ከቷታል። የሃያትን ነጠላ ያዘችና ሳበች፣ ሃያት ወደ ኋላ ሳበች፣ ያኔ ያ የሰይድ ስፌት ጠጥ ብሎ ሲተረተር በጆሮዬ ሰማሁት። አንዲት ፍሬ ቡና በቀሚሷ ሥር ወርዳ አስፋልቱ ላይ ነጠረች። ማርያም ድረሽ አልሁ በልቤ። ፈታሿ ዓይኗ ነጠላው ላይ ነው፣ አላየችም። እመት ፋጡማ አይተዋል። ፍሬዋን አዩ፣ ቀና ብለው የሃያትን ፊት አዩ፣ ሆዷን አዩ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት፤ ደስታው ሁሉ ከፊታቸው ላይ ሲሄድ። አለቀልን፣ አልሁ። እሳቸው እግራቸውን አነሱና ፍሬዋ ላይ አሳረፉት። ከዚያ ልጅቱን ዓይን ዓይኗን እያዩ፣ አሁን ሳይጮኹ፣ «ወላሂ» አሉ እንደገና። «የልጄ ልጅ ነው።»

የኬላው አለቃ ከጥላው ሥር ሆኖ «ተያቸው በቃ፣ አሳልፊያቸው» አለ። ተሳፈርን። ሐረጎን ስንወጣ እንዴት እንደወጣን እኔ ነኝ የማውቀው። ወትሮ ዳገቱ ግማሽ ላይ ብርዱ ሲቀበለን «ተገላገልን» ብለን እንተነፍሳለን፤ ያን ቀን ጭጋጉ መስኮቱን ሸፍኖት፣ ሞተሩ እያቃሰተ፣ እኛ ገና አልተገላገልንም። ዘወር ብዬ ለማየት ፈራሁ። ደፍሬ ባየሁ ጊዜ እመት ፋጡማ አንድ እጃቸውን ከሃያት ሆድ ሥር አስገብተው፣ የተቀደደውን በመዳፋቸው ይዘውታል። ለሰው የሚባርኩ ነው የሚመስለው። አንዲት ሴት ከኋላ «አላህ በሰላም ያገላግላት» ስትል «አሚን» አሉ። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሃያት አንገቷን ደፍታ እንባዋ እጃቸው ላይ ይንጠባጠባል፣ እሳቸውም እጃቸውን አልጠረጉም።

ቤት ገብተን በሩ ሲዘጋ ሃያት ከረጢቱን ፈታችው። ቡናው ሰፌዱ ላይ ተዘረገፈ። እመት ፋጡማ ሜዳ የሆነውን ሆዷን ለረጅም ጊዜ አዩት። «አላታለልሁዎትም እማ፣ እኔ አላልሁም፤ ሰው ነው ያለው» አለች ሃያት እግራቸው ሥር ሆና። «ልነግርዎት ነበር፣ ወላሂ…» «አትማይ» አሏት። «ለዛሬ መሐላ ይበቃናል።» በዚህ መሃል ሰይድ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከሥራ ገባ። እናቱን አየ፣ ቡናውን አየ፣ ከረጢቱን አየና በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። «አንተ ነህ የሰፋኸው?» አሉት። «እኔ ነኝ እማ።» «ስፌትህ ጠጥ ብሏል» አሉት። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እወድቅ ነበር።

እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። «እመት፣ በእናንተ ከፋራ የሚባል አለ አይደል? ለመሐላው ድሃ ይበላል፣ ያልቻለ ይጾማል። እህሉን እኔም አግዛለሁ፣ ነገሩ በዚሁ ይለቅ» አልሁ። «አንቺ ዝም በይ» አሉኝ። «የፊተኛውን ሳላውቅ ማልሁ፤ እሱን አላህ ይተወዋል። የኋለኛውን ግን ፍሬዋን ረግጬ፣ እያወቅሁ ነው የማልሁት። ከፋራ የሚያወጣ የዋሸ ሰው ነው። እኔ አልዋሸሁም። ልጁ ገና ነው እንጂ አልዋሸሁም።» ሰይድ ቀስ ብሎ «እማ፣ የገራዶዋ ልጅስ ታዲያ…» ሲል ዘወር አሉበት። «የምን ልጅ? በዚህች ሆድ ነው የማልሁት። በሌላ ሆድ አልማልሁም። ሌላ ሴት አመጣህ ማለት እናትህን በአላህ ፊት ውሸታም አደረግሃት ማለት ነው። ለአባቷ እኔ እነግረዋለሁ።» ሃያት መሬት ላይ ሆና ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እሳቸው ነጠላቸውን አራግፈው ተነሱና «ይኼን ቡና ሳይበተን ልቀሙት» አሉን። ለቀምነው።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእመት ፋጡማ ነገር ግን እያደር ከበደ። ሃያት አልወለደችም። እሳቸው ከገራዶ በመጡ ቁጥር፣ ገና ጓዛቸውን ሳያወርዱ፣ «ገና ነው?» ይሏታል። «ገና ነው እማ» ትላለች። «ይሁን» ይላሉ፤ ያመጡትን ቅቤ ያወርዳሉ። መጀመሪያ ላይ ሃያት ጥያቄያቸውን ትፈራው ነበር፤ በኋላ ሲዘገዩ እሷ ራሷ መጠየቅ ጀመረች፣ «እማ ምነው ቀሩ?» እያለች። ሰይድን ሽማግሌዎች ይዘው ሌላ አግባ እያሉ ሲመክሩት «እናቴ ምላለች» ከማለት በቀር ቃል አይወጣውም ነበር። የከተማው ሰው ሳቀባቸው። እኔም አንዳንዴ ይበግነኝ ነበር፤ እንዲህ ያለ ግትርነት ምን ይባላል እያልሁ። ግን ጣውንት አልመጣም፤ ሃያትም ከዚያ ቤት አልወጣችም።

ዛሬ ከቀትር በኋላ እግሬ እዚያው ወሰደኝ፣ ሃያት ዘንድ። ሰይድ ካረፈ ቆይቷል፤ ብቻዋን ናት፣ መነጽሯን አድርጋ የትራስ ልብስ ትጠቅማለች። የበርበሬውን ነገርኋት። «አንቺ ደግሞ፣ በዚህ ዕድሜሽ ከሕፃን ጋር ትጣያለሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። ተቀመጥሁ፣ ተነሳሁ፣ መስኮቱን ከፈትሁ፣ ዘጋሁ። «ምን ሆነሽ ነው የምትቁነጠነጪው?» አለችኝ። አላወቅሁም ነበር ምን እንደሆንሁ፤ ስትጠይቀኝ ነው ያወቅሁት። ያ ልጅ ነገር አደባልቆ ሲስቅ፣ ለአንዲት ውሸት ዕድሜ ልኳን የቆመች ሴት ትዝ ብላኝ ነው። «እመት ፋጡማ ትዝ ብለውኝ» አልሁ። ሃያት መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ አስቀመጠችው፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ሌላ ነገር አላወራንም።

እመት ፋጡማ በሞት አልጋ ላይ ሲደክሙ ገራዶ አብረን ነበር የሄድነው። ደርግም የሚወድቅበት ሰሞን ነበር፤ መንገዱ በወታደር ተሞልቶ ስንት ቦታ ወርደን ተሳፍረን ደረስን። ቤቱ ሰው በሰው ሆኗል። እንደ ደንቡ ሁሉንም በየተራ አውፍ በሉኝ አሉ፤ እኔን ሳይቀር። «አስካለ፣ ሃያትን ልትገያት ነው ብዬ አምቼሽ ነበር» አሉኝ። ይቅር አልኋቸው፤ ምን ይቅር እላለሁ፣ እያለቀስሁ እጃቸውን ሳምሁ እንጂ። ሼሁ ጎንበስ ብለው «ፋጡማ፣ ያልተወጣ ስለት፣ ያልተፈታ መሐላ የቀረብሽ አለ?» ሲሏቸው «አለ» አሉ። ሰይድ ብድግ አለ። «እማ፣ ከፋራውን እኔ አወጣልሻለሁ። ዛሬውኑ።» እሳቸው ግን እሱን ትተው ሃያትን በእጃቸው ጠሯት። ጸጉሯ ያኔ መሸበት ጀምሯል። አጠገባቸው ስትቀመጥ እጃቸውን ጎትተው ሆዷ ላይ አሳረፉት።

«ገና ነው?» አሏት።

«ገና ነው እማ» አለች።

«ከፋራ እንዳታወጡልኝ» አሉ። «አሁን አላህ ዘንድ አይደል የምሄደው? ስደርስ ራሴ እጠይቀዋለሁ።»